ፈረስን ቀስ አድርገው ያቆሙ የነበሩት አቶ ቢሻው ክንዴ

ዝናቡ ፋታ እስኪሰጠን በዚህ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር የተጠጋችሁ ወገኖች፣ ከጎረቤት አገር ከግምጃ ቤት የመጣችሁ አማቾችና ከጥሊሊ የመጣችሁ ወዳጆች፣ በቅሎ ጭናችሁ የመጣችሁም በእግራችሁ ጭቃ ስትረግጡ ያረፈዳችሁም፣ አፈሩ ከመመለሱ በፊት የአቶ ቢሻው ክንዴን ዜና ሕይወት ጥቂት ታግሣችሁ ስሙ። ሳቅ የሚመጣበት ቦታ አለው፤ ሳቅ የመጣበትም ሰው አይፈር፣ እሳቸውም ሳቅ አይጠሉም ነበርና። ለቅሶው ወደ መጨረሻው ላይ ነው።

አቶ ቢሻው ከአባታቸው ከአቶ ክንዴ ሽባባው እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ካሳነሽ በዘንገና ሐይቅ አጠገብ ባለችው በዚህችው መንደራችን በጥቅምት ወር ፲፱፻፱ ዓ.ም. ተወለዱ። በተወለዱበት ዕለት አባታቸው ከገበያ ሲመለሱ ፈረሳቸው ደጃፍ ላይ ቆሞ ሦስት ጊዜ ቢያሽካካ፣ ሕፃኑ ከውስጥ ሆነው አራት ጊዜ መለሱለት ይባላል። አዋላጇ ወይዘሮ በቀለች ግን የመለሱለት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው እያሉ እስኪሞቱ ድረስ ሲከራከሩ ኖረዋል።

ሰባት ዓመት ሲሞላቸው ፊደል እንዲቆጥሩ ከየኔታ ዘንድ ቢላኩም፣ ሁለተኛውን ሳምንት ሳይጨርሱ ከአጥሩ ውጭ አንዲት ባዝራ፣ ሴት ፈረስ፣ ስታልፍ አይተው ፊደሉን እዚያው እንደ ተዘረጋ ትተው ተከተሏት፤ ባዝራዋም የጠፋች የሰው ንብረት ስለ ነበረች፣ ባለቤቷ ሲመጣ ሕፃኑን አንገቷ ላይ ተኝተው አገኛቸው። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤታቸው ሜዳው ሆነ። ለዳኛ በአማርኛ፣ ለፈረስ በአገውኛ ይናገሩ ነበር፤ ዳኛው አንዳንድ ጊዜ ሳይሰማቸው ቢቀርም ፈረሱ ሳይሰማቸው የቀረበት ቀን አልነበረም።

ሥራቸው ፈረስ መግራት ነበር። በአገው ምድር ልጓም ያልለመደ ውርንጭላ ያለው ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ያመጣ ነበር። ከጥሊሊ የመጣው ያ ቦራ ፈረስ ሰባት ጋላቢ ጥሎ፣ ስምንተኛው ገና እርካቡን ሲያይ ራሱ እንደ ወደቀ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። አቶ ቢሻው ግን ያንን ፈረስ በአለንጋ አልነኩትም፣ ልጓሙንም በኃይል አልሳቡበትም። ሜዳ ላይ አውጥተው እስኪበቃው ካስጋለቡት በኋላ በሰፊ ክብ ያዞሩታል፣ ከዚያ ክቡን ትንሽ ያጠቡታል፣ እንደገና ያጠቡታል፣ በመጨረሻ ፈረሱ ራሱ መቆም የፈለገ መስሎት ይቆማል። የሚጋልበውን ፈረስ በአንድ ጊዜ ልጓሙን የሳበበት ሰው ወይ የፈረሱን አፍ ይቀደዋል፣ ወይ ፈረሱ ተገልብጦ ይጨፈልቀዋል እያሉ ስንቱን ጎረምሳ አስተምረዋል። ለፈረስ የሚናገሯት ቃል አንዲት ብቻ ነበረች፤ «ቀስ» ይላሉ። በጥምቀት ዕለት ከታቦቱ ፊት በቀይ ዳማ ባዝራቸው ሲጋልቡ ጥላቸው ሊደርስባቸው ስለማይችል ኋላ ቀርቶ በማግሥቱ ነበር የሚገባው፤ ታቦቱ አጠገብ ሲደርሱ ግን እንደ ውኃ ለስልሰው ይቆሙ ነበር።

በ፲፱፻፴፭ ዓ.ም. ከግምጃ ቤት ወይዘሮ እታለማሁን አገቡ። ያን ቀን ሚዜያቸው የነበረው ጎረቤታቸው ውዱ፣ ይህ በማኅበሩም በገበያውም ሰው ሲያስቅ የሚውለው ውዱ፣ ከግምጃ ቤት እስከ ዘንገና አሥራ አንድ ጊዜ ከፈረስ ስለ ወደቀ ሙሽራዋ ከዓይነ ርግቧ ሥር ስትስቅ ደረሰች፤ ወገኖቿም ልጃችን ለቅሶዋን ረስታ ሄደችብን ብለው ተቀየሙ። ከዚህ ጋብቻ ሀብቱ፣ ምህረቴ እና ሙሉነሽ ተወለዱ። አቶ ቢሻው ልጆቻቸውንም እንደ ፈረሶቻቸው አሳደጓቸው፤ ይህ ስድብ አይደለም፣ አንድ ቀን አልተመቱም ማለት ነው።

እስከዚህ ድረስ በተባለው ላይ ጥቂት የተጨመረበት ይኖራል፤ የሚያውቅ ያርመው። ከዚህ ወዲያ ባለው ላይ ግን አንዲት ቃል አልተጨመረችም።

በታኅሣሥ ወር ፲፱፻፶፰ ዓ.ም. አንድ ውርንጭላ ቦይ ሲዘል አዳልጦት ከነክብደቱ በላያቸው ወደቀ። አጥንታቸው አልተሰበረም፤ የወገባቸው ጅማት ግን እየተኮማተረ ቀንም አላስቀምጥ፣ ሌሊትም አላስተኛ አላቸው። በጭነት መኪና ተሳፍረው ከሩቅ አገር ሐኪም ቤት ሄደው ሲመለሱ፣ ጅማትን የምታላላና የምታስተኛ ኪኒን ለዐሥር ቀን ተሰጥታቸው መጡ። ኪኒኗ ደግ ነበረች፤ ይህን መካድ ኃጢአት ነው። በመጀመሪያው ቀን እንደ ሕፃን ተኙ። ችግሩ ዐሥሩ ቀን ካለቀ በኋላ የመጣ ነው። ያቺኑ ኪኒን ከገበያ መድኃኒት ሻጮች ማግኘት እንደሚቻል ሰው ነገራቸውና ገዙ፤ አንዷ አላስተኛ ስትል ሁለት ሆነች፣ ሁለቷ ሦስት፣ ሦስቷም አራት። ሐኪሙ ዐሥር ቀን ያለው ሁለት ዓመት አለፈው።

ኪኒኗ እንቅልፍ እየሰጠች ንቃታቸውን ትወስድ ጀመር። አንድ ቀን ኮርቻ ላይ እንደ ተቀመጡ አንቀላፍተው ዳማዋ ራሷ ቤት አመጣቻቸው። ውርንጭሎቹ እጃቸው መላላቱን አውቀው አይታዘዟቸውም። ክረምት ላይ ወንዙ ሞልቶ ሻጩ ሳይመጣ ሲቀርባቸው ደግሞ ላብ ያጠምቃቸዋል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ የበር መንጓጓት ያስደነብራቸዋል። እንዲህ ቆይተው ጥር ሲገባ ነው ባለቤታቸውን፣ «እታለም፣ እስቲ ንገሪኝ፤ ጋላቢዋ እኔ ነኝ ወይስ እሷ ናት?» ብለው የጠየቁት። ወይዘሮ እታለማሁም በማግሥቱ ነጠላቸውን አደግድገው ባላቸውን እየመሩ ዳንግላ ድረስ ወስደው ከጤና ጣቢያው የሕክምና ረዳት ከድሬሰር ስማቸው ፊት አስቀመጧቸው።

ድሬሰር ስማቸው በዕድሜ ልጃቸው ይሆናል፤ ፈረስ ላይ ወጥቶም አያውቅም። ነገሩን ሁሉ ካደመጠ በኋላ፣ በአንድ ቀን ልተዋትና ልገላገል ሲሉት እንዲህ ብሎ ጠየቃቸው።

«ጋሼ ቢሻው፣ የሚጋልብ ፈረስ እርስዎ እንዴት ነው የሚያቆሙት?»

«በክብ ነዋ ልጄ። ክቡን እያጠበብኩ።»

«በአንዴ ልጓሙን ቢስቡትስ?»

መልሱን አቶ ቢሻው ለስንቱ ጎረምሳ ሲናገሩት ኖረዋል። ድሬሰሩም፣ ይህችም ሁለት ዓመት የጋለበች ናት፣ በአንድ ጊዜ የሳባት ሰው ይወድቃል፣ ሰውነቱ ይንፈራገጣል፣ ሊሞትም ይችላል አላቸው። በየሁለት ሳምንቱ ከአንዷ ሩቡን ብቻ እንዲቀንሱ፣ መንቀጥቀጥ ከመጣ በዚያው ልክ ቆይተው ሰውነታቸው እስኪለምድ እንዲጠብቁ፣ በየወሩም እንዲያሳዩት ነገራቸው። አረቄ ከኪኒኗ ጋር ትንፋሽ ታቆማለችና እንዳይቀምሱ፣ ሥር የሚቀጠቅጥ መድኃኒተኛ የሚሰጣቸውንም ሳይጠይቁት በላዩ እንዳይጨምሩ አስጠነቀቃቸው። ወይዘሮ እታለማሁ ጠበልስ ብለው ቢጠይቁት፣ ጠበሉ መልካም ነው፣ ይሂዱ፣ ነገር ግን ኪኒኗን ይዘው ይሂዱ፣ ለአጥማቂው ካህንም ይንገሩ አላቸው።

ወይዘሮ እታለማሁ ኪኒኖቹን በአንዲት የቀርከሃ ቀፎ ከትተው፣ አፏን በጨርቅ ወትፈው ከምሰሶው ላይ ሰቀሏት። በየማታው እሳቸው በምላጭ ይከፍላሉ፣ አቶ ቢሻው እጃቸውን ይዘረጋሉ። ከጥር እስከ ሐምሌ ድረስ ሄዱበት፤ ሁለት ጊዜ መንቀጥቀጡ ቢመጣም ባሉበት ቆይተው አሳለፉት፣ ከአራትም ወደ ሁለት ደረሱ። አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ወፍ ሲንጫጫ ሰማሁ ብለው ጎረቤት ሁሉ ቀስቅሰው ተናገሩ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ወፍ የሰሙበት ጠዋት አልነበረምና። ዳማዋንም ጭነው በእርምጃ ሜዳውን አንድ ጊዜ ዞሩ። ለመጪው ጥምቀት ዓይኔን ገልጬ ከታቦቱ ፊት እጋልባለሁ እያሉ ልጓሙን ቅቤ ይቀቡት ነበር። የቀራቸው ምኞት ይህ አንድ ብቻ ነበር።

ሐምሌ ፲፪ ቀን በሚካኤል ማኅበር ላይ ሰው ጠጥቶ በሞቀው ጊዜ ውዱ እንደ ልማዱ ተነሣ። «እናንተዬ፣ ይህ ጎረቤቴ እንቅልፉን እንደ አሞሌ ጨው በምላጭ እየተከረከመለት ይልሳል። ሚስቱ ከምሰሶ አውርዳ የምታስተኛው ፈረሰኛ በሰባት ቤት አገው ከቢሻው በቀር ካለ አሳዩኝ።» ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። አንዱም ከጥግ ሆኖ፣ ወንድ አይደለም ወይ፣ በአንድ ቀን ቢተዋት ምን ይሆናል አለ። አቶ ቢሻውም ሳቁ። ጠላቸውን ግን አልጨረሱትም፤ ዋንጫውን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡት። ያን ያየው ውዱ ብቻ ነበር፤ አይቶም ሌላ ቀልድ ጨመረ።

የፍልሰታ ጾም ሲገባ፣ ነሐሴ ፩ ቀን፣ ከሐይቁ ማዶ ካለው ጠበል ሰባት ቀን ሱባኤ ሊገቡ ተነሡ። ወይዘሮ እታለማሁ ቀርከሃዋን ይዘዋታል ወይ ብለው ቢጠይቁ፣ ይዣታለሁ አሏቸው፤ ውሸትም አልነበረም፣ በመቀነታቸው ይዘዋት ነበር። ሊሸኛቸው አብሯቸው የሄደው ውዱ ነው። ከዘንገና ሐይቅ አፋፍ ላይ ሲደርሱ ቀርከሃዋን ከመቀነታቸው ፈትተው፣ ለካህኑ ሳይሆን ለራሳቸው ቃል ገብተው፣ የቻሉትን ያህል ወደ መካከል ወረወሯት። ቀርከሃ ናትና ጥቂት ተንሳፈፈች፣ ከዚያ ውኃ ሞልቶባት ሰጠመች። ከአፋፉ ላይ ያጨበጨበው ሰው ውዱ ነው። አሁን ገና ቢሻው ተመለሰልን ያለውም እሱ ነው።

አጥማቂው አባ ገብረ ማርያም ለሱባኤ የገባን ሰው ሁሉ፣ የሐኪም መድኃኒት የምትወስዱ ካላችሁ ንገሩኝ፣ አታቋርጡ፣ የፈጣሪን ቸርነት ኪኒን አይከለክላትም ብለው ይጠይቃሉ። አቶ ቢሻውን ሲጠይቁም በሕዝቡ ፊት ኪኒን አለኝ ማለት ከብዷቸው፣ «የለኝም አባቴ» አሉ። በሕይወታቸው ካህን የዋሹት ያን ቀን ብቻ ነው።

በሁለተኛው ቀን ላቡ ጀመራቸው። በአራተኛው ቀን እንቅልፍ ፈጽሞ ጠፋ፣ እህልም አልወርድ አላቸው። በስድስተኛው ቀን በሌለ ሜዳ ላይ የሌሉ ፈረሶች እያዩ በአገውኛ ሲጠሯቸው ዋሉ፤ ሕዝቡም ራእይ ነው አለ። በሰባተኛው ቀን ጠዋት ከጠበሉ ሥር ቆመው ሳለ በቁማቸው ደርቀው ወደቁና ሰውነታቸው ይንፈራገጥ ጀመር። በአገራችን እንዲህ ያለውን ያየ ሰው ምን እንደሚል ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ መንፈሱ ሊለቅ ነው ተባለ። አራት ሰው እጅና እግራቸውን ያዘ፣ ቀዝቃዛው ውኃ በላይ በላያቸው ፈሰሰ፣ ሴቶችም እልል አሉ። ሊወስዳቸው የመጣው ውዱ እልልታውን ከሩቅ ሰምቶ ጓደኛዬ ዳነ ብሎ እየሮጠ ገባ። ፊታቸውን ሲያይ ግን ወደ አባ ገብረ ማርያም ዞረ።

«አባቴ፣ መንፈስ አይደለም» አለ። «ኪኒን ነበረው። ሐይቅ ውስጥ ናት። ሲጥላት እኔ አጨብጭቤያለሁ።»

አባ ገብረ ማርያም መስቀላቸውን አንሥተው ውኃውን አስቆሙ፣ የያዙትን እጆች አስለቀቁ፣ በጎናቸው አስተኝተው ጋቢያቸውን አለበሷቸው፣ ቃሬዛም አሠሩ። ውዱም ወደ መንደር ሮጦ ዳማዋን ያለ ኮርቻ ወጣባት። ከግምጃ ቤት እስከ ዘንገና አሥራ አንድ ጊዜ የወደቀው ሰው ያን ቀን እስከ ዳንግላ አንድ ጊዜ አልወደቀም። ድሬሰር ስማቸው መድኃኒቱንና መርፌውን በኪሱ ከትቶ ወደ እንጅባራ ከሚያልፍ የጭነት መኪና ላይ ተንጠለጠለ።

ቃሬዛው ወደ መኪናው መንገድ በጭቃ ሲሮጥ መንፈራገጡ ሁለት ጊዜ ተመለሰባቸው። በመካከሉ ጥቂት ነቅተው ነበር። ወይዘሮ እታለማሁ ከጎን እየሮጡ እጃቸውን ይዘዋል፤ ተሸካሚዎቹ ጎረምሶች ያለከልካሉ፣ ይንሸራተታሉ። አቶ ቢሻው ዓይናቸውን ገልጠው አይተዋቸው፣ «ቀስ በሉ ልጆቼ» አሉ። «ቀስ።» ከዚያ ወዲያ አልተናገሩም። መኪናው ሲደርስና ድሬሰሩ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ ደረታቸውን ሲያዳምጥ ትንፋሻቸው ካለፈ ብዙ አልቆየም ነበር። ወይዘሮ እታለማሁ አልጮኹም፤ ሁለት ጣታቸውን ብቻ አሳዩት።

«ሁለት ቀርታን ነበር እኮ፣ ስማቸው። ከአራት ሁለት አድርሰናት ነበር።»

እንዲህ ሆኖ አቶ ቢሻው ክንዴ በተወለዱ በሃምሳ አንድ ዓመታቸው ትናንት ነሐሴ ፯ ቀን ፲፱፻፷ ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። አንድም ፈረስ ያልጣላቸው ሰው እኛ ስንስቅባቸው ወደቁ።

ጠበሉን የሚወቅስ ሰው እንዳይኖር፤ ጠበሉ አልገደላቸውም፣ እውነቱ ቢነገረው ኖሮ አባ ገብረ ማርያም ራሳቸው በምላጭ ይከፍሉላቸው ነበር። አባ ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ቀብር ከመምጣታቸው በፊት እያንዳንዱን በሽተኛ ብቻውን፣ ጆሮው ሥር ሆነው ጠይቀዋል፤ አንድ ሽማግሌና አንዲት ነፍሰ ጡር ትናንት በሕዝብ ፊት የደበቁትን ዛሬ ተናግረዋል። በዚህ መካከል የቆማችሁ፣ እቤታችሁ እንደዚያች ያለች ኪኒን ያላችሁም እንዳላችሁ ይታወቃል፤ ስማችሁ አይጠራም። ዛሬ ሐዘን አንጀታችሁን ሲበላው ተነሥታችሁ ወንዝ እንዳትጥሏት። ድሬሰር ስማቸው ከዚያ ጽድ ሥር እስኪመሽ ድረስ ይቀመጣል፤ ሄዳችሁ አነጋግሩት። ሄዶ የሚያነጋግረውን ሰው ያየ ደግሞ አይሳቅ።

አቶ ቢሻው ባለቤታቸውን ወይዘሮ እታለማሁን፣ ልጆቻቸውን ሀብቱን፣ ምህረቴንና ሙሉነሽን፣ አራት የልጅ ልጆችን፣ ልጓም የለመዱ ሦስትና ገና ያልለመዱ ሁለት ውርንጭሎችን፣ እንዲሁም ከትናንት ጀምሮ ሣር አልነካም ያለችውን ዳማ ባዝራ ትተዋል። ሚዜያቸውን ውዱንም ትተዋል። ይህን ቃል ያስጻፈው እሱ ነው፤ ፊደል ስለማያውቅ አባ ገብረ ማርያም ያነቡለታል፤ ቢያውቅም ኖሮ ዛሬ ማንበብ አይችልም ነበር። ወይዘሮ እታለማሁን ይቅርታ ጠይቋል፤ እሳቸውም ገና አልመለሱለትም፣ አይቸኩሉም።

ፍጥረቱን በአንድ ቀን የማይጨክንበት፣ ክቡን እያጠበበ ወደ ራሱ የሚያቀርበው አምላክ የአቶ ቢሻውን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ሁለት ዓመት የተነፈጉትን የጠዋት ወፍ ድምፅ በዚያ ያሰማቸው፤ ለቤተ ሰባቸው መጽናናትን፣ ለሳቅነው ንስሐን ይስጠን። አሜን።

አሁን ሣጥኑን የምታነሡ ልጆች ቅረቡ። መሬቱ ያንሸራትታል። ቀስ በሉ።